መቁጠሪያ (የካቶሊክ)

መቁጠሪያ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ጸሎታቸውን እየቆጠሩ የሚያደርሱበት፣ በክር ወይም በሽቦ የተያያዙ ዶቃዎችና በጫፉ መስቀል ያለው የእጅ ዕቃ ነው። በዚሁ ዕቃ የሚደርሰው ጸሎትም «የመቁጠሪያ ጸሎት» ይባላል። የተለመደው መቁጠሪያ 59 ዶቃዎች፣ አንድ ሜዳልያና አንድ መስቀል አሉት። በፋብሪካ የሚመረተው በብዛት ቢገኝም፣ ለጥምቀት፣ ለመጀመሪያ ቁርባን፣ ለሜሮን፣ ለጋብቻ ወይም ለታመመ ዘመድ በእጅ ሠርቶ መስጠት በብዙ አገሮች የቆየ ልማድ ነው።

በኢትዮጵያ የካቶሊክ መቁጠሪያ ከሚታወቅባቸው አካባቢዎች አንዱ የሆሳዕና ከተማ፣ የሐዲያና የከምባታ ምድር ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ መቁጠሪያ አመጣጥ፣ በኢትዮጵያ ስላለው ቦታ፣ በእጅ ስለሚሠራበት መንገድና በስጦታ ስለሚሰጥበት ሥርዓት ይገልጻል።

ስያሜ

«መቁጠሪያ» የሚለው ቃል «ቆጠረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን ትርጉሙ መቁጠሪያ መሣሪያ ማለት ነው። በአማርኛ ስሙ የካቶሊኮች ብቻ አይደለም፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንና መነኮሳት የሚይዙትም መቁጠሪያ ይባላል። በላቲን ቋንቋ የካቶሊኩ መቁጠሪያ «ሮዛሪየም» ይባላል፤ ፍችውም የጽጌረዳ አትክልት ቦታ ማለት ነው። እያንዳንዱ ጸሎት ለእመቤታችን እንደሚቀርብ አንድ አበባ ይታሰባል። በእንግሊዝኛ ዶቃ ማለት የሆነው «ቢድ» የሚለው ቃል ደግሞ በጥንቱ ቋንቋ ጸሎት ማለት ነበረ፤ ከጸሎት መቁጠሪያው ልማድ የተነሣ ስሙ ወደ ዶቃው ተላለፈ።

ቅርጽና የዶቃ ቁጥር

የመቁጠሪያው ቅርጽ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ክብ ሆኖ የሚዞረው ነው፤ ሁለተኛው ከሜዳልያው ሥር የሚንጠለጠለው አጭር ጅራት ነው።

– በጅራቱ ላይ፦ መስቀል፣ ከዚያ 1 ትልቅ ዶቃ፣ 3 ትናንሽ ዶቃዎች፣ እንደገና 1 ትልቅ ዶቃ።
– በክቡ ላይ፦ እያንዳንዳቸው 10 ትናንሽ ዶቃ ያላቸው 5 ክፍሎች፣ በመካከላቸውም 4 ትልልቅ ዶቃዎች።

በጠቅላላው 53 ትናንሽና 6 ትልልቅ ዶቃዎች ይሆናሉ። በመስቀሉ ላይ ጸሎተ ሃይማኖት፣ በትልቁ ዶቃ ላይ «አባታችን ሆይ»፣ በትንሹ ዶቃ ላይ ደግሞ የመልአኩ ገብርኤል ሰላምታ ያለበት የማርያም ጸሎት ይደርሳል። እያንዳንዱ አሥር ሲያልቅ ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ምስጋና ይቀርባል።

ጸሎቱ ቁጥር ብቻ አይደለም። ምእመኑ ዶቃውን እየገፋ ከኢየሱስና ከማርያም ሕይወት አንድ ክንውን ያስባል። እነዚህ ክንውኖች «ምሥጢራት» ይባላሉ፤ በአራት ምድብ አምስት አምስት ሆነው 20 ናቸው። የደስታ ምሥጢራት ሰኞና ቅዳሜ፣ የሐዘን ምሥጢራት ማክሰኞና ዓርብ፣ የክብር ምሥጢራት ረቡዕና እሑድ፣ የብርሃን ምሥጢራት ሐሙስ ይታሰባሉ። የብርሃን ምሥጢራትን የጨመሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሲሆኑ፣ ይህም የሆነው ጥቅምት 2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት ነው። ከዚያ በፊት ምሥጢራቱ 15 ነበሩ።

ታሪክ

ጸሎትን በዕቃ መቁጠር ከክርስትና ውጭም የታወቀ ነው። ሂንዱዎችና ቡድሃውያን 108 ዶቃ ያለው፣ ሙስሊሞች 99 ወይም 33 ዶቃ ያለው ሙሰብሃ ይጠቀማሉ። በግብፅ በረሃ የነበሩ የጥንት መነኮሳት ጸሎታቸውን በጠጠር ይቆጥሩ እንደነበር ይነገራል።

በምዕራብ አውሮፓ ገዳማት መነኮሳት 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ማንበብ የማይችሉ ወንድሞችና ምእመናን በመዝሙሩ ፋንታ 150 ጊዜ «አባታችን ሆይ» ይሉ ጀመር፤ ይህን ለመቁጠርም ክር ላይ የተሰካ ዶቃ ያዙ። ቆይቶ የማርያም ሰላምታ በቦታው ገባ። ስለዚህ መቁጠሪያ ከመነሻው ፊደል ያልቆጠረ ሰው መዝሙረ ዳዊት ነበረ ማለት ይቻላል።

ዶቃ መሥራት ራሱን የቻለ ሙያም ሆነ። በ13ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ የመቁጠሪያ ሠሪዎች ማኅበራት በሚጠቀሙበት ጥሬ ዕቃ ተለያይተው ይታወቁ ነበር፤ የአጥንትና የቀንድ ሠሪዎች፣ የዛጎልና የመርጃን ሠሪዎች ለየብቻቸው ደንብ ነበራቸው።

በ1569 እ.ኤ.አ. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 5ኛ የጸሎቱን አደራረስ ወጥ አደረጉ። ከ2 ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1571 እ.ኤ.አ.፣ በሌፓንቶ የባሕር ጦርነት የተገኘው ድል በመቁጠሪያ ጸሎት የመጣ ነው ተብሎ ስለታመነ ዕለቱ የመቁጠሪያ እመቤት በዓል ሆነ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዘወትር መስከረም 27 አካባቢ ይውላል። ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ያለው የፈረንጆች ጥቅምት ወር በመላው የመቁጠሪያ ወር ተብሎ ይከበራል። ከሚያዝያ 23 እስከ ግንቦት 23 ያለው ወር ደግሞ የማርያም ወር ነው፤ የኢትዮጵያውያን የግንቦት ልደታም በዚሁ ወር ውስጥ ይገባል።

መቁጠሪያ ካህን በሌለበትም ሊደርስ የሚችል ጸሎት በመሆኑ በስደት ዘመን ልዩ ቦታ ነበረው። በጃፓን ክርስትና ከተከለከለ በኋላ ከ200 ዓመት በላይ ያለ ካህን የቆዩት የናጋሳኪ ክርስቲያኖች እምነታቸውን ያቆዩት በቤት ውስጥ ጸሎትና በድብቅ በያዙት የጸሎት ዕቃ ነበር፤ ማንነታቸውን የገለጡትም በ1865 እ.ኤ.አ. ነው። ቬትናማዊው ጳጳስ፣ በኋላም ካርዲናል የሆኑት ፍራንሷ ሐቪየ ንጉየን ቫን ቱዋን፣ ከ1975 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ታስረው ሳሉ የአንገት መስቀላቸውን ከእንጨት፣ ማሰሪያ ሰንሰለቱን ደግሞ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጠው በእጃቸው ሠርተዋል፤ ሽቦውንና ፒንሳውን ያገኙትም በጠባቂዎቻቸው እርዳታ ነበር። ከተፈቱም በኋላ ያንኑ መስቀል ያደርጉ ነበር።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የእምነት ምልክትን በአንገት ወይም በእጅ መያዝ ከካቶሊክ ሚሲዮናውያን በፊት የነበረ ነው። ሕፃን ሲጠመቅ በአንገቱ የሚታሰረው ክር ማተብ ይባላል። የማተብ ትርጉም በቋንቋው ውስጥ እንኳ ሥር ሰድዷል፤ ታማኝ ሰው «ማተብ ያለው» ይባላል፣ ቃሉን የበላ ደግሞ «ማተቡን የበጠሰ» ይባላል፣ የሚምልም «በማተቤ» ይላል። የብር አንገት መስቀሎችም በየአካባቢው የየራሳቸው ቅርጽ አላቸው፤ ብዙዎቹ ማርትሬዛ ከሚባለው የብር ገንዘብ ቀልጠው የተሠሩ ናቸው።

የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ መቁጠሪያ ከካቶሊኩ በቁጥርም በአገልግሎትም ይለያል። ብዙውን ጊዜ 41 ወይም 64 ፍሬ አለው። 41 ቁጥር ከጌታ ሕማም ጋር፣ 64 ደግሞ እመቤታችን በምድር ከኖረችበት ዕድሜ ጋር ይያያዛል። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የመሰሉ አጫጭር ጸሎቶች ይቆጠሩበታል። ስለዚህ አንዱን በሌላው ቦታ መስጠት ተገቢ አይሆንም፤ በእጅ የሚሠራ ሰውም ለማን እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

በ19ኛው መቶ ዘመን የካቶሊክ ሚሲዮን በሁለት አቅጣጫ ገባ። በሰሜን የላዛሪስት ማኅበር አባል የሆኑት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያኮቢስ በ1839 እ.ኤ.አ. ደረሱ። በደቡብና በምዕራብ ደግሞ በ1846 እ.ኤ.አ. የተሾሙት የካፑቺን ማኅበር አባል አባ ማስያስ ሠሩ። ዛሬ የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በሁለት ሥርዓት ትኖራለች። አዲስ አበባ፣ ዓዲግራት፣ እምድብርና ባሕር ዳር–ደሴ የግዕዝ ሥርዓት ሲከተሉ፣ በደቡብ፣ በምሥራቅና በምዕራብ የሚገኙት ሐዋርያዊ ቪካሪየቶች በላቲን ሥርዓት የተደራጁ ናቸው። የመቁጠሪያ ጸሎት ግን በሁለቱም ዘንድ የታወቀ ነው።

በሐዲያና በከምባታ

በሐዲያና በከምባታ የካቶሊክ ሚሲዮን የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በካፑቺን አባቶች ነው። በከምባታ የምትገኘው ዋሴራ ከቀደምት ጣቢያዎች አንዷ ናት። በ1940 እ.ኤ.አ. በሆሳዕና ስም ሐዋርያዊ ፕሪፌክቸር ተቋቋመ። ከሶዶ ጋር ለረጅም ጊዜ አንድ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 2002 ዓ.ም. የሆሳዕና ሐዋርያዊ ቪካሪየት ራሱን ችሎ ተመሠረተ።

አንጋጫ በከምባታ ዞን የሚገኝ ወረዳና የወረዳው ዋና ከተማ ስም ነው። አካባቢው ደጋማና ወይና ደጋ ሲሆን የአምበሪቾ ተራራ ከሩቅ ይታያል። የሕዝቡ ዋና ምግብ የእንሰት ውጤት የሆነው ቆጮ ነው። ከእንሰት ግንድ የሚገኘው ጠንካራ ቃጫ ለገመድና ለማሰሪያ ያገለግላል።

በሐዲያና በከምባታ የሚኖረው አብዛኛው ክርስቲያን ፕሮቴስታንት ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ካቶሊክ፣ ፕሮቴስታንትና ኦርቶዶክስ አብረው መኖራቸው የተለመደ ነው። ፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት መቁጠሪያን አይጠቀሙም፤ ስለዚህ መቁጠሪያ በስጦታ መስጠት እዚህ አካባቢ ከዕቃ በላይ ትርጉም አለው። ለእህት፣ ለአማች ወይም ለክርስትና ልጅ የሚሰጥ መቁጠሪያ የፍቅር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሳይጠየቅ የተሰጠ እንደሆነ ግን እምነት የማስለወጥ ሙከራ መስሎ ቅሬታ ሊፈጥር ይችላል።

የእጅ ሥራው ራሱም ታሪክ አለው። በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ማኅበረሰቦች፣ በከምባታና በሐዲያም ጭምር፣ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ማረሻውን፣ ድስቱንና ጌጡን ለሁሉም እየሠሩ ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለው ይኖሩ ነበር። ይጠሩባቸው የነበሩ ስሞች ዛሬ እንደ ስድብ ይቆጠራሉ። መስቀልና ሜዳልያ ቀጥቅጦ መሥራት ከዚያው ሙያ የሚወጣ በመሆኑ፣ ክርስቲያኑ በአንገቱ የሚያደርገው ምልክት ሠሪውን ከናቀበት እጅ የወጣ ሊሆን ይችላል። ወንጌል ኢየሱስን ጸራቢ ማለት እንጨት ሠሪ ብሎ መጥራቱ፣ የእጅ ሙያ ነውር እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል።

ጥሬ ዕቃ

ለመቁጠሪያ የሚሆን ዶቃ ከብዙ ነገር ይሠራል።

– እንጨት። የወይራ እንጨት ጠንካራ፣ ጥሩ ቀለምና ሽታ ያለው ነው። በቤተልሔም የሚሠሩት የታወቁ መቁጠሪያዎችም ከወይራ ናቸው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ በጥላ የደረቀ መሆን አለበት።
– የብርጭቆ ዶቃ። በየገበያው የሚገኝ፣ የማይረግብና ቀለሙ የማይለቅ ነው። ቀዳዳው ጠባብ ስለሚሆን ቀጭን ክር ወይም ሽቦ ይፈልጋል።
– የዘር ፍሬ። በዓለም «የኢዮብ እንባ» በሚል ስም የሚታወቀው የሣር ዘር ሲበስል ግራጫና አንጸባራቂ ይሆናል፤ በመካከሉ የተፈጥሮ ቀዳዳ ስላለው ሳይበሳ ይሰካል።
– አጥንትና ቀንድ። ተቀቅሎ፣ ስቡ ወጥቶና ደርቆ ይቆረጣል።
– ክር። የናይለን ክር፣ ሰም የተቀባ ሲባጎ ወይም የተፈተለ ጥጥ። ቃጫ ጠንካራ ቢሆንም ሻካራ ስለሆነ ሰፊ ቀዳዳ ላለው የእንጨት ዶቃ ብቻ ይመቻል፤ በቀጭኑ ተገምዶ ሰም መቀባት ይኖርበታል።
– ሽቦ። መዳብ፣ ናስ ወይም የማይዝግ ብረት። ኒኬል ያለበት ሽቦ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያሳክካል።

ሜዳልያው ሦስት ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት፤ ሁለቱ ለክቡ፣ አንዱ ለጅራቱ። ብዙዎች የሚመርጡት «ተአምራዊ ሜዳልያ» የሚባለውን የማርያም ሜዳልያ ነው። ይህ ሜዳልያ በፓሪስ ቅድስት ካትሪን ላቡሬ በ1830 እ.ኤ.አ. አየሁት ባለችው ራእይ መሠረት በ1832 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀረጸ። ሜዳልያ ካልተገኘ ሦስት ቦታ የተበሳ ትንሽ የእንጨት ቁራጭ ይተካዋል።

መርዛማ ፍሬዎች

ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ደማቅ ቀይ ፍሬዎች ለዓይን ስለሚያምሩ ከጥንት ጀምሮ ለመቁጠሪያ ውለዋል። ከነሱ አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ አብሩስ ፕሬካቶሪየስ የሚባለው ሐረግ ፍሬ ነው፤ «ፕሬካቶሪየስ» የሚለው ስም ራሱ ከጸሎት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ፍሬ አብሪን የተባለ እጅግ አደገኛ መርዝ አለው። ሙሉው ፍሬ ጠንካራ ልባስ ስላለው ሳይፈጭ ሊያልፍ ይችላል፤ ነገር ግን ለክር ሲበሳ ልባሱ ይሰበራል። ያን ጊዜ ለሚያኝከው ሕፃንም፣ ብናኙን ለሚተነፍሰው ሠሪም አደጋ ነው። ትውከት፣ ደም ያለበት ተቅማጥና ድካም ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሊታዩ ይችላሉ፤ መርዙን የሚሽር የተለየ መድኃኒትም የለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከዚህ ፍሬ የተሠሩ የእጅ አምባሮች ከገዢዎች እጅ እንዲመለሱ ተደርጓል።

በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅለው የኮርች ዛፍ ፍሬም ቀይ ሲሆን ጎጂ ንጥረ ነገር አለው። ስለዚህ ቀይ የዱር ፍሬ ለመቁጠሪያ፣ በተለይም ለልጅ በሚሰጥ ስጦታ ላይ፣ አለመጠቀም ይመረጣል። ልጅ ከበላ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ፣ የቀረውን ፍሬ ይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል።

አሠራር

በክርና በዶቃ

ይህ ለጀማሪ ቀላሉ መንገድ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 53 ዶቃዎችና 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 6 ዶቃዎች ይዘጋጃሉ። ዶቃዎቹ ብቻ ሲደረደሩ 48 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ። ለቋጠሮና ለመያዣ የሚሆነው ሲታከል ለክቡ 1 ሜትር ከ20፣ ለጅራቱ ደግሞ 50 ሳንቲ ሜትር ክር ይበቃል።

1. የእንጨት ዶቃ ከሆነ ቀዳዳው በቀጭን መሰርሰሪያ ይጸዳል፤ ውጫዊው በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል።
2. የናይለን ክር ጫፍ በክብሪት እሳት ለአፍታ ቀለጥ ተደርጎ ይሾላል፤ የጥጥ ክር ከሆነ በሰም ይጠነክራል።
3. 10 ትናንሽ ዶቃዎች ይሰካሉ፤ ቋጠሮ ይታሰራል፤ 1 ትልቅ ዶቃ ይገባል፤ እንደገና ቋጠሮ ይታሰራል። 5 አሥሮችና 4 ትልልቅ ዶቃዎች እስኪሞሉ ይደገማል።
4. ከእያንዳንዱ አሥር መጨረሻ ጥቂት ባዶ ክር ይተዋል። ዶቃው ካልተንቀሳቀሰ ጣት ሲጸልይ የሚገፋው ነገር አያገኝም።
5. ሁለቱ ጫፎች በሜዳልያው ሁለት ቀዳዳዎች ገብተው በድርብ ይቋጠራሉ።
6. የጅራቱ ክር ታጥፎ በሦስተኛው ቀዳዳ ይገባል፤ 1 ትልቅ፣ 3 ትናንሽ፣ 1 ትልቅ ዶቃ ተሰክቶ መስቀሉ ይታሰራል።
7. ቋጠሮዎቹ በጣም ትንሽ ማጣበቂያ ይነካሉ፤ ሲደርቅ ትርፉ ክር ይቆረጣል።

ከመቁረጥ በፊት ዶቃዎቹን አንድ በአንድ ደግሞ መቁጠር ግድ ነው። በጣም የተለመደው ስሕተት 9 ወይም 11 ዶቃ ያለው አሥር ነው፤ የሚጸልየው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ስለሚቆጥር ስሕተቱ በየቀኑ ይከተለዋል።

በሽቦ

ይህ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። እያንዳንዱ ዶቃ በራሱ ቁራጭ ሽቦ ላይ ይቀመጥና ጫፎቹ ወደ ቀለበት ይጠመዘዛሉ። 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አንድ ቀለበት 9 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ሽቦ ይወስዳል። ስለዚህ ለ8 ሚሊ ሜትር ዶቃ 27 ወይም 28 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውፍረቱም 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይበቃል። ለ59 ዶቃ በጠቅላላው 1 ሜትር ከ70 ያህል ሽቦ ያስፈልጋል። የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አፉ ክብ የሆነ ፒንሳ፣ ጠፍጣፋ ፒንሳና መቁረጫ ናቸው። ቀለበቱ ሲከፈት ወደ ጎን መጠምዘዝ እንጂ ወደ ውጭ መሳብ የለበትም፤ ከተሳበ ክብነቱን አጥቶ ቶሎ ይላቀቃል።

በሽቦ የተሠራው በአንድ ቦታ ቢበጠስ ዶቃው አይበተንም፤ አንዱን ቀለበት መልሶ መዝጋት ይበቃል።

በቋጠሮ ብቻ

ዶቃ በሌለበት 6 ሜትር ያህል ሲባጎ ይበቃል። ክሩ በጣት ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ በውስጡ ያልፍና ሲጠብቅ የዶቃ ቅርጽ ያለው ቋጠሮ ይሆናል። ለትልቁ ዶቃ አራት ጊዜ ይጠመጠማል። ይህ ዓይነት ድምፅ ስለሌለው፣ ብረት ስለሌለበትና ዋጋው ዝቅተኛ ስለሆነ በሆስፒታል፣ በማረሚያ ቤትና በጉዞ ላይ ይመረጣል። ትንሽ ስጦታ ለሚፈልግ 10 ቋጠሮ ያለው የእጅ አምባርም ሊሠራ ይችላል፤ አምስት ጊዜ ሲዞር ሙሉ መቁጠሪያ ይሆናል።

የሆሳዕና ቀለበት

በእጅ ተሠርቶ በስጦታ የሚሰጥ የጸሎት ጌጥ በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ሳይማረው የሚችለው አንድ ነው፤ እሱም የሆሳዕና ዕለት ከዘንባባ የሚታጠፈው ቀለበትና መስቀል ነው። ከዘንባባው ቅጠል ቀጭን ሰንበር ተሰንጥቆ በጣት ዙሪያ ይጠመጠማል፣ ጫፉም በማጠፊያው ውስጥ ይሰወራል። ልጆች ለወላጆች፣ ጎረቤትም ለጎረቤት ይሠራሉ፤ በግንባርም ይታሰራል። በላቲን ሥርዓት የተባረከው ዘንባባ በቤት ይቀመጥና በዓመቱ ተቃጥሎ ለዐቢይ ጾም መግቢያ የአመድ ረቡዕ አመድ ይሆናል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነችው የሆሳዕና ከተማ፣ ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው፣ ስሟ የዚህ በዓል ስም ነው።

ቡራኬና ሽያጭ

መቁጠሪያ ሲሠራ ተራ ዕቃ ነው። ካህን ወይም ዲያቆን ሲባርከው ለጸሎት የተለየ ዕቃ ይሆናል። በቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ቁጥር 1171 መሠረት የተባረከ ዕቃ በአክብሮት መያዝና ለሌላ ጥቅም አለመዋል አለበት።

ለሠሪዎች የሚጠቅም አንድ ደንብ አለ፤ ከተባረከ ዕቃ ጋር የተያያዘው የሥርየት ጸጋ ዕቃው ሲጠፋ ወይም ሲሸጥ ይቋረጣል። በዚህ ምክንያት መቁጠሪያ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ሳይባረክ ይሸጣል፣ ገዢው ደግሞ ያስባርካል። በስጦታ የሚሰጥ ከሆነ ግን ሠሪው ራሱ አስባርኮ መስጠት ይችላል። የተበጠሰ መቁጠሪያ ክሩ ቢለወጥ ወይም ጥቂት ዶቃ ቢተካ እንደ አዲስ አይቆጠርም። ከጥገና ውጭ የሆነ የተባረከ መቁጠሪያ በቆሻሻ አይጣልም፤ ይቃጠላል ወይም በንጹሕ ቦታ ይቀበራል።

በስጦታነት

ስጦታው እንደ ተቀባዩ ይለያያል።

– ለመጀመሪያ ቁርባን ልጅ፦ ነጭ ወይም ቀላል ቀለም፣ ጠንካራ ክር፣ በቀላሉ የማይወልቅ ዶቃ። ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ዶቃ አይሰጥም፤ ሊያንቀው ይችላል። ለሕፃኑ የታሰበው ለክርስትና እናቱ ወይም ለወላጁ በአደራ ይሰጣል።
– ለሙሽሮች፦ ሁለት ተመሳሳይ መቁጠሪያ ወይም በቤት የሚሰቀል አንድ ትልቅ።
– ለአረጋውያን፦ ዓይን የደከመና ጣት የደነዘዘ ሰው በዳሰሳ እንዲለየው ትልቁ ዶቃ ከትንሹ በግልጽ የሚበልጥ፣ 10 ሚሊ ሜትርና 14 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ።
– ለታማሚ፦ ቀላል፣ በውሃና በሳሙና የሚታጠብ።
– ለሐዘንተኛ፦ የሟቹ መቁጠሪያ ተበጥሶ ከተገኘ አዲስ ከመስጠት ዶቃውን አጥቦ፣ በአዲስ ክር ሰክቶ ለልጆቹ መመለስ። ካቶሊኮች ብዙ ጊዜ ሟቹን መቁጠሪያ በእጁ አስይዘው ስለሚቀብሩ፣ የትኛው እንደሚቀበርና የትኛው እንደሚቀር ቤተሰቡ ነው የሚወስነው።

ከስጦታው ጋር የጸሎቱን አደራረስ የያዘ አጭር ወረቀት ቢጨመር መቁጠሪያው ሳጥን ውስጥ እንዳይቀር ይረዳል። ተቀባዩ የሌላ እምነት ተከታይ ከሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ካልፈለገ በዚያው እጅና በዚያው ክር ሌላ ስጦታ መሥራት ይቻላል።

መቁጠሪያና ክታብ

በኢትዮጵያ ዶቃ ሁልጊዜ የጸሎት ዕቃ ተደርጎ አይታይም። ጨሌ የሚባለው ባለ ቀለም ዶቃ ከዛር ልማድ ጋር ስለሚያያዝ፣ አንዳንድ ሰዎች በአንገት የተንጠለጠለ ዶቃ ሲያዩ ይጠራጠራሉ። ካቶሊካዊ ትምህርት በዚህ ነጥብ ላይ ግልጽ ነው፤ መቁጠሪያ ክታብ አይደለም፣ በውስጡ የተሰወረ ኃይል የለውም። ያለ ጸሎት በአንገት ወይም በመኪና መስታወት ላይ መስቀል ብቻውን ከአደጋ ይጠብቃል ብሎ ማመን ከንቱ እምነት ተብሎ ይወገዛል። በአንገት ማድረግ በራሱ የተከለከለ ባይሆንም፣ ብዙ ካህናት በኪስ ወይም በትንሽ የጨርቅ ከረጢት መያዝን ይመክራሉ። ከረጢቱ ክሩንም ከመጠላለፍና ከመበጠስ ያድናል።

ደግሞ ይዩ

– ማተብ
– ሆሳዕና (በዓል)
– አንጋጫ
– ሙሰብሃ